የጉማሬው ድምፅ ማጉያ

መምህር ኃይለ ኢየሱስ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ሲሄድ በሩን በማጠፊያው በኩል ተነቅሎ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አገኘው። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው። ውስጥ ሣጥኑ በጎኑ ተጋድሟል፤ የማዞሪያ እጀታው ተሰብሯል። ወራት የደከመበት አዲሱ ጥቅል ከመደርደሪያው ላይ የለም።

ሣጥኑን የሐይቅ ከተማ ልጆች «ቴሌቪዥን» ይሉት ነበር። ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነው፤ በከተማዋ እውነተኛውን ቴሌቪዥን ያየ ሰው ጥቂት ነው። የኃይለ ኢየሱስ አባት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩና ቀለም መበጥበጥ የተማረው ከሳቸው ነው። አዲስ አበባ ለመምህርነት ሲሠለጥን ደግሞ አንድ የልጆች ካርቱን ፊልም አየ፤ ያ ነገር ከልቡ አልወጣም። ሐይቅ ሲመደብ ከጣውላና ከመስኮት መስታወት ሣጥን ሠራ። በውስጡ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ ባንዱ ላይ የተጠቀለለው ረጅም ወረቀት እጀታው ሲዞር በመስታወቱ ፊት እያለፈ በሌላው ላይ ይጠቀለላል። ከኋላው ፋኖስ ይበራል። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ መርማሪ ኤሊ፣ ጅብ፣ ጥንቸል፣ ዳክዬ ይታያሉ። የሁሉንም ድምፅ የምትሰጠው የሥራ ባልደረባው መምህርት ዙሌይካ ናት። ጅቡን ስታስለቅስ ልጆቹ በሳቅ ከወንበር ይወድቁ ነበር።

የሐይቅ ከተማ ፖሊስ መርማሪ ለስብሰባ ደሴ ስለነበር ከውጫሌ የመቶ አለቃ ታረቀኝ ተጠራ። ታረቀኝ አርባን የተሻገረ፣ ምርመራን በወጉ የተማረ ሰው ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ሙያው ከእጁ ወጥቶ ነበር። ጠዋት መንገድ ዳር ሬሳ ይገኛል፤ ማን እንደገደለው ደረቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ ለፖሊስ የሚቀረው ሬሳውን ማንሳትና ዝም ማለት ነው። የሚጠየቅ ምስክር፣ የሚለቀም ፍንጭ የሚባል ነገር ቀርቶ ነበር። ስለዚህ «አንድ የልጆች ሥዕል ተሰርቋል» ተብሎ ስልክ ሲደወልለት የጣቢያው ባልደረቦቹ ሲስቁበት እሱ ውስጡን ደስ አለው። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሥራ የሚሄድ መሰለው።

የዕቃ ክፍሉን ቀስ ብሎ አየ። የማጠፊያው ብሎኖች በቢላ ጫፍ ተፈትተው መስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል። አዲስ የመጣው የመሠረተ ትምህርት ቴፕ ሪከርደር ከቦታው አልተነካም። ቀለሞቹ፣ ብሩሾቹ፣ ፋኖሱ ሁሉም አሉ። ያረጁት ጥቅሎችም በመደርደሪያው ላይ እንዳሉ ናቸው። ከሁሉ ያስገረመው ግን የሣጥኑ መስታወት ነበር። ሌባው ሣጥኑን ከመጣሉ በፊት መስታወቱን አውጥቶ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝቶታል።

«ይኼ ሰው ሌባ አይደለም» አለው ለኃይለ ኢየሱስ። «ምን ነበር በጥቅሉ ላይ?»

መምህሩ ነገረው። ጉማሬው አንድ ድምፅ ማጉያ ያገኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማለዳ እስከ ማታ ሐይቁ ዳር ቆሞ ይናገራል። ዳክዬዎቹ እንቅልፍ ያጣሉ፤ ዓሦቹ ወደ ታች ይጠልቃሉ። አንድ ቀን ድምፅ ማጉያው ይጠፋና ኤሊው ሌባውን ፈልግ ተብሎ ይጠራል።

ታረቀኝ ሳቀ። ቀጥሎ ጉማሬው ማን እንደሆነ ጠየቀው።

«ጉማሬ ነዋ» አለ ኃይለ ኢየሱስ። «ልጆች ጉማሬ ይወዳሉ።»

ከግቢው አጥር ባሻገር፣ ባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የነገውን ዘመቻ እያወጀ ነበር። ታረቀኝ ወደዚያ አየት አደረገና ሌላ ጥያቄ ጠየቀ።

ጊዜው የታወቀ ነበር። ዓርብ ትምህርት ሲያልቅ በሩ ደህና እንደነበር ኃይለ ኢየሱስ ራሱ አይቷል፤ ቆልፎ የወጣው እሱ ነው። ከዚያ ከተማው በሙሉ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ለሳምንቱ ስብሰባ ገብቷል። ስብሰባው ሲያበቃ ደግሞ ግቢው ይዘጋል፣ ውሻው ይለቀቃል። በሩ የተነቀለው ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ እያለ ነው ማለት ነው። ከትምህርት ቤቱ ሰዎች ስብሰባው ላይ ያልነበሩት ሁለት ናቸው፤ የግቢው ዘበኛ ኑርዬና ዙሌይካ። ዙሌይካ ዓርብ ረፋድ ላይ አስፈቅዳ፣ አርዲቦ በሚባለው መንደር የታመሙ አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳለች። በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ተመልሳ የሆነውን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ኋላ ግን ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት። የተሰበረውን እጀታ አንስታ አናጢ ጋ ወሰደች፤ ተማሪዎቹን አጽናናች፤ ለታረቀኝም ወንበር አምጥታ፣ የሚፈልገው ነገር ካለ እንዲጠራት ነገረችው።

ኑርዬ ስድሳ የሞላው፣ ንግግሩ የሚጣፍጥ ሰው ነበር። ስለ ዓርብ ሲጠየቅ ግን አንደበቱ ተሳሰረ። መጀመሪያ በሩ ላይ ነበርኩ አለ። በኋላ ለአስር ሶላት ወደ መስጊድ ብቅ ብዬ ነበር አለ። ታረቀኝ መስጊዱ ዘንድ ሄዶ ሲጠይቅ ኑርዬን ያየ የለም። ተመልሶ ይህንኑ ሲነግረው ሽማግሌው መሬት መሬት አየ።

«እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ፤ ወላሂ ወረቀት አልነካሁም» አለ።

«የት ነበሩ ታዲያ፣ ጋሼ?»

ኑርዬ ያንኑ መሐላ ደገመ። ታረቀኝ ጣቢያ እንዲያድር አደረገው። ሽማግሌው ሲወሰድ ተማሪዎቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩ ነበር። ኑርዬ ጥምጣሙን ፊቱ ላይ ዝቅ አድርጎ አለፋቸው።

እሑድ ማለዳ ሐጅ ሙዘይን የሚባሉ፣ የከተማው ሰው የሚያከብራቸው ነጋዴ ጣቢያ መጡ። ታረቀኝን ለብቻው ወደ ጥላው ወስደው እውነቱን ነገሩት። የኑርዬ ልጅ ወደ ሰሜን ግንባር ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ዓርብ፣ ሰው ሁሉ ስብሰባ ሲገባ፣ አምስት ስድስት ሽማግሎች እሳቸው ቤት ተሰብስበው ለልጁ ዱአ ሲያደርጉ ነበር። ከስብሰባ ቀርቶ ዱአ መቀመጥ፣ ያውም ለዘመተ ወታደር ማልቀስ፣ በዚያ ጊዜ ሌላ ስም የሚያሰጥ ነገር ነው። ኑርዬ አፉን የዘጋው የሽማግሎቹን ስም ላለመጥራት ነበር።

ታረቀኝ ሐጁን አመሰገነና ገብቶ ኑርዬን ፈታው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ኑርዬ የት እንደነበር ሲጠይቀው «አረጋግጫለሁ፣ ንጹሕ ነው» ብቻ አለ። በመዝገቡ ላይም ከዚያ የበለጠ አልጻፈም። ታረቀኝ ነገሩን እንደደበቀ ከሐጅ ሙዘይን በቀር ያወቀ አልነበረም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰላሀዲን ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነበር። ልጆቹ ከጀርባው «ጉማሬ» ማለት ከጀመሩ ከርመዋል፤ ይህንንም ያውቃል። ስብሰባውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመራው እሱ በመሆኑ በሩን ራሱ ሊነቅል አይችልም፤ ግን ሰው መላክ ይችላል። ታረቀኝ ይህንን በጨዋ ቋንቋ ሲያነሳበት ሰላሀዲን ከት ብሎ ሳቀ።

«የመቶ አለቃ፣ እኔ እንዲጠፋ ሳይሆን እንዲገኝ ነው የምፈልገው» አለ። «ማክሰኞ ከደሴ እንግዶች የሚመጡት ይኼንኑ ሣጥን ሊያዩ ነው። ከፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ ምን እንደተሣለ አብሬያቸው ማየት እሻለሁ።»

ታረቀኝ በዚህ አነጋገር ውስጥ የሰማው የንጹሕ ሰው መተማመን ነው። ሌላም ነገር ነበረበት፤ እሱን የሰማው ሲቆይ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ያረጁት ጥቅሎች እንዲታዩለት ጠየቀ። የመማሪያ ክፍሉ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፈነ፤ ፋኖስ በራ። ኃይለ ኢየሱስ አዲሱን እጀታ ሲያዞር፣ ዙሌይካ ከሣጥኑ ጀርባ ሆና ስትናገር፣ ታረቀኝ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ታሪኮቹ ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው። አንድ ነገር ይጠፋል። ኤሊው ትልቅ ማጉያ መነጽር ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያ ጅቡን ይይዛል፤ ጅቡ ፊቱ ሌባ ይመስላላ። ጅቡ ያለቅሳል፤ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ኤሊው ዱካ አግኝቻለሁ ብሎ ሐይቁን ይዞራል፤ ዱካው የገዛ ራሱ ይሆናል። በመጨረሻ ሁሉንም ዋርካ ሥር ይሰበስብና አንድ በአንድ እየጠራ፣ አንተ አይደለህም፣ አንቺ አይደለሽም እያለ፣ መዳፉን አንስቶ ሌባውን ያወጣል። ሌባው ሁልጊዜ ከሁሉ በላይ ሲፈልግ የዋለው፣ ለኤሊው ውሃ ያቀበለው ነው።

ታረቀኝ በጅቡ ለቅሶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ፋኖሱ ሲጠፋ ልጆቹ መጨረሻውን እያወቁት እንዴት እንደማይሰለቻቸው ጠየቀ።

ኃይለ ኢየሱስ ደስ ብሎት አስረዳው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ይደነቃሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ያውቃሉ፤ ኤሊውን ቀድመው «እሷ ናት! እሷ ናት!» እያሉ ይጮኻሉ። ደስታቸው ማወቃቸው ነው። ሁሉም የሚሰበሰብበትን ቦታ ደግሞ ቢቀር አይወዱም፤ አንድ ጊዜ ትቶት አልቅሰውበታል።

ዙሌይካ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች ነበር።

«ኤሊያችን ግን አንድ ጉድለት አለበት፣ የመቶ አለቃ» አለች። «ማን እንደወሰደ ነው እንጂ ለምን እንደወሰደ ጠይቆ አያውቅም።»

«የልጆች ነገር ነዋ» አለ ታረቀኝ እየተነሳ። «ለምን ከተባለማ አያልቅም።»

እሷም ፈገግ ብላ ወደ መስታወቷ ተመለሰች።

ሰኞ ማለዳ ወደ አርዲቦ ወጣ። የዙሌይካ አክስት እሜቴ መሪማ ከሐይቁ በላይ ባለው መንደር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እንደታመሙ ያስታውቃል፤ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዙሌይካ ዓርብ መቼ እንደደረሰች ሲጠይቃቸው ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ፣ የቀትሩ ዙሁር ሶላት ተሰግዶ ሳያበቃ ገባች፣ እሳቱን አያይዛ ሾርባ ሠራችልኝ አሉት። ጎረቤት አይቷት እንደሆነ ጠየቀ። ጎረቤቱ ሁሉ አጨዳ ላይ ነበር። ታረቀኝ አሮጊት ሴት ትዋሻለች ብሎ አላሰበም፤ ምርቃታቸውን ተቀብሎ ወረደ።

የያዘው ሁሉ በእጁ ላይ እየሟሟ ነበር። ኑርዬ ንጹሕ፣ ሊቀ መንበሩ ንጹሕ፣ ዙሌይካ አርዲቦ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ዙሌይካ ተማሪዎቹን በቡድን ከፍላ፣ የሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ጥቅሉን እንዲፈልጉ እያሠማራች ነበር። አቧራ ለብሳ፣ ድምፅዋ ሰልሏል። ታረቀኝ ዛፍ ሥር ቆሞ ይሰማታል።

«እንደሌሎቹ ቀይ ክር እንዳትፈልጉ» አለቻቸው። «ይኼኛው የታሰረው በአረንጓዴ ጨርቅ ነው።»

ይህን ሲሰማ የተለየ ነገር አልመሰለውም። ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ የጠፋውን ዕቃ መግለጫ እንደገና ሲያጣራ ነው ነገሩ የተገለጠለት። ኃይለ ኢየሱስ ጥቅሎቹን ሁሉ በቀይ የሱፍ ክር ያስር ነበር። አዲሱን የጨረሰው ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ ወደ ስብሰባው ሊገባ ሲል ነው። ቀይ ክሩ አልቆበት ከአሮጌ መጋረጃ አረንጓዴ ቅዳጅ ቀደደና በዚያ አሰረው። ማን አይቶ እንደሆነ ታረቀኝ ጠየቀው። ማንም። ቆልፎ በቀጥታ አዳራሽ ገባ። ከጠፋ በኋላስ ለሰው ነግሯል? አልነገረም፤ ትዝ ያለኝም አሁን ሲጠይቁኝ ነው አለ።

ዙሌይካ ረፋድ ላይ ወደ አርዲቦ ሄድኩ ካለች አረንጓዴውን ጨርቅ የት አየችው?

ታረቀኝ መልሱን ለመምህሩ አልነገረውም። ወጥቶ ሐይቁ ዳር ብቻውን ተመላለሰ። መስታወቱን በብርድ ልብስ ያስተኛው እጅ የሷ ነው። ከተደረደሩት ጥቅሎች መካከል አዲሱን ለይቶ የሚያውቅ እጅ የሷ ነው። ከሁሉ በላይ የፈለገችውም እሷ ናት፤ ልክ እንደ ኤሊው ታሪክ። ዓመታት ሙሉ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶት አያውቅም። ያኔ በቀጥታ ወደ ዙሌይካ ሄዶ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ አድርጎ ቢጠይቃት የሚከለክለው አልነበረም። አልሄደም። ወደ ሊቀ መንበሩ ነበር የሄደው።

ሌባው መታወቁን ሲነግረው ሰላሀዲን ስሙን አልጠየቀም። ነገ እንግዶቹ ባሉበት፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቢነገር ይሻላል፣ ፖሊሳችንም እንዴት እንደሚሠራ ይታይ አለው። ታረቀኝ ይህን ሐሳብ ወደደው።

ማክሰኞ አዳራሹ ጢም አለ። ከደሴ የመጡት እንግዶች ከፊት ተቀመጡ፤ መሪያቸው መነጽር ያደረገ፣ ዝምተኛ፣ ወጣት ካድሬ ነበር። ልጆቹ መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ታረቀኝ መድረክ ላይ ወጥቶ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ተረከ፤ ያማረ ተራኪም ሆኖ ተገኘ። ስለ ብሎኖቹ፣ ስለ መስታወቱ ነገራቸው። ኑርዬን ጠርቶ ከሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቀው፤ ሽማግሌው ደረቱን ነክቶ እጅ ነሣ። ሊቀ መንበሩንም እንደጠረጠረ ሲናገር አዳራሹ ሳቀ፤ ሰላሀዲንም አብሮ ሳቀ። ልጆቹ የሚያውቁት ቦታ እንደደረሱ ገብቷቸው መቁነጥነጥ ጀመሩ። ከዚያ ቀይ ክሩንና አረንጓዴውን ጨርቅ አነሣ።

ጨርሶ ሳይናገር ዙሌይካ ከመሃል ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ልጆቹ አልጮኹም። ታረቀኝ የጠበቀው ጩኸቱን ነበር። በጸጥታው ውስጥ ካድሬው መነጽሩን አስተካክሎ ድምፁን ሳያነሳ ጠየቀ፤ «ለምን?»

ታረቀኝ ያን ጊዜ ነው ራሱ ይህን እንዳልጠየቀ ያወቀው።

ዙሌይካ ትንሽ አሰበች። ሥዕሉ የሚያምር ስላልሆነ፣ በእንግዳ ፊት እንዳያሳፍረን ብዬ ነው አለች። ጥቅሉንም አክስቷ ቤት ምድጃ ውስጥ እንዳቃጠለችው ተናገረች። ነገሩ እዚያ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ግን ኃይለ ኢየሱስ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ደም መስሏል። ወራት ዓይኑ እስኪፈዝ የሣለውን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያምናት ሰው አቃጠልኩት፣ አያምርም ስትለው ሌላውን ሁሉ ረሳ።

«አያምርም?» አላት። «ጉማሬውን አውጣው ስትይኝ አያምርም ብለሽ ነበር? ፈርተሽ እኮ ነው!»

«ኃይሌ፣ ተቀመጥ» አለች ዙሌይካ ቀስ ብላ።

«የምን ጉማሬ?» አለ ካድሬው።

ከደጅ በኩል ድምፅ ማጉያው ብቻ ይሰማል። ሰላሀዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አስረዳለሁ፣ ጓድ» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዙሌይካና ኃይለ ኢየሱስ በእንግዶቹ መኪና ተጭነው ወደ ደሴ ሄዱ። ታረቀኝ ከካድሬው ኋላ እየተከተለ፣ ነገሩ የልጆች ጨዋታ እንደሆነ፣ የቀደሙትን ጥቅሎች እሱ ራሱ እንዳያቸው፣ አንዳች ነገር እንደሌለባቸው አስረዳ። ካድሬው በትሕትና ሰማው። ንጹሕ ነገር አይቃጠልም፣ የመቶ አለቃ፤ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት አለውና በሩን ዘጋ።

ታረቀኝ ወደ ውጫሌ ተመልሶ ለበላዮቹ ጻፈ። መልስ አላገኘም። ደሴ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዶ፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ ተነገረው። ዙሌይካ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተለቀቀች፤ ከማስተማር ግን ታገደች። ኃይለ ኢየሱስ እዚያው ታስሮ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ ታረቀኝ አርዲቦ ወጣ። ዙሌይካን አክስቷ ጓሮ ጎመን ስትኮተኩት አገኛት። ከስታለች። ስታየው አልደነገጠችም፤ እጅዋን ታጥባ በርጩማ አወጣችለት። አክስቷ ከቤት ውስጥ ሆነው ማን ነው ሲሉ፣ እንግዳ ነው አለቻቸው።

ይቅርታ ለመጠየቅ እንደመጣ ተናገረ። ቃሉን በመንገድ ሲያዘጋጅ ቢመጣም ሲወጣ አጭር ነበር። እሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ የሆነውን ሁሉ በእርጋታ ነገረችው። እንግዶቹ እንደሚመጡ ከተሰማ ጀምሮ ኃይለ ኢየሱስን ለምናዋለች። የልጆች ነው፣ ማን ልብ ይለዋል ብሎ ሳቀባት። ዓርብ ረፋድ እንደሄደች አስመስላ ከሐይቁ ዳር ቆየች፤ ስብሰባው ሲጀመር ተመለሰች። መስታወቱን ለመስበር እጅዋ እምቢ አላት። ሌላ ሣጥን ለመሥራት ያንን የሚያህል መስታወት ከየት ይመጣል ብላ ነው።

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «እሑድ አብረን ነበርን።»

«ኑርዬን አሳድረውታል ሲሉ ሰማሁ። ሽማግሌ የሚያሳድር ሰው ነው አልኩ። ሐጅ ሙዘይን ባለፈው ሰሞን ሊጠይቁን መጥተው ነገሩኝ። እርስዎ የሽማግሎቹን ነገር ሰምተው ዝም እንዳሉላቸው። ወላሂ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ሮጬ እነግርዎ ነበር።»

ታረቀኝን የሚያኮራው አንድ መልካም ሥራ ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሚገባ ደብቆታል።

«እኔም አለሁበት» አለች። «ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነው። ብተወው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ልጆቹ ስቀው፣ እንግዶቹም ስቀው ወደ ደሴ ይመለሱ ነበር ይሆን? ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ቢኖር፣ ይኸው ጉማሬ ነው፣ እዩት ይባል ነበር። ስለሌለ ሁሉም የፈለገውን ሣለበት።»

ደመናው እየከበደ ነበር። አሮጊቷ ከውስጥ፣ ዝናብ ሳይይዘው ይሂድ ልጄ ብለው ተጣሩ። ሲለያዩ ዙሌይካ እስከ አጥሩ ሸኘችው። አብሽር ብላ ሰላምታ ሰጠችው፤ ማጽናናት የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ።

ኃይለ ኢየሱስ የተፈታው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐይቅ እንዳይመለስ ተከልክሎ ከውጫሌ አለፍ ብሎ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ እንዲያስተምር ተመደበ። ዙሌይካ እሱ ወዳለበት ሄደችና ተጋቡ። የሱ ዘመዶችም የሷም በመጀመሪያ ቢያጉረመርሙ ኋላ መረቁ፤ በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች ሥዕል ሣልልን ሲሉት እጄ ረሳ ይላቸዋል ሲባል ታረቀኝ ከሰው ሰማ። እሱ ራሱ ከምርመራ ክፍል እንዲያነሱት አመልክቶ የትራፊክ ሥራ ላይ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ውጫሌ መሃል ከፊት ለፊቱ ብቅ አሉ። ዙሌይካ ሕፃን አዝላለች፤ ኃይለ ኢየሱስ በዘንቢል በርበሬ ተሸክሟል። ጸጉሩ ያለ ጊዜው ሸብቷል። ታረቀኝ ወደ ሌላ መታጠፊያ ሊገባ አሰበ፤ ግን አይተውታል። መምህሩ ዘንቢሉን አስቀምጦ በሁለት እጁ ጨበጠው። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀው። የበርበሬ ዋጋ እንደናረ ተጨዋወቱ። ስለዚያ ነገር ማንም አላነሳም። ሕፃኗ የታረቀኝን የደንብ ልብስ ቁልፍ ልትይዝ እጇን ትዘረጋ ነበር።

«ቤታችን ሩቅ አይደለም» አለ ኃይለ ኢየሱስ። «ከእህል ውሃው ቀምሰው ይሂዱ።»

«አዎ፣ ይምጡ» አለች ዙሌይካም። ፊቷ ላይ ከልቧ መሆኑ ይታያል።

«ሥራ አለብኝ» አላቸው ታረቀኝ።

የዚያን ቀን ሥራ አልነበረውም። ዘንቢሉን አንስተው፣ በሰው መሃል ሁለቱም ቀስ እያሉ እስኪርቁ ድረስ እዚያው ቆሞ አያቸው።